ደጃፋችን ያለው ትምህርት ቤት ወይስ አባቱ የተማረበት?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። በ2016 ከፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያ ተነሥተን አራብሳ ኮንዶሚኒየም የገባን ቤተሰቦች ነን። ባለቤቴ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። እኔ ቤቴ ልብስ እሰፋለሁ። የመጀመሪያ ልጃችን ነሐሴ ላይ 7 ዓመት ይሞላዋል። እስካሁን እዚሁ ሰፈር የግል ኬጂ ነው የተማረው። ለአንደኛ ክፍል የጠየቁን ክፍያ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልናስገባው ወሰንን። የቱ ይሁን የሚለው ላይ ግን መስማማት አቃተን። ከብሎካችን በእግር 10 ደቂቃ የማይፈጅ ትምህርት ቤት አለ። ጎረቤቶቼ ‹አንድ ክፍል ውስጥ 70 ልጅ ነው ያለው፣ እሱም ቢሆን ሞልቷል› ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ ‹እኔ የተማርኩበት ፒያሳ ይግባ፣ ስም ያለው ትምህርት ቤት ነው› ባይ ነው። እናቱ ሽሮ ሜዳ ስላሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ እሳቸው ጋ ይደር ይላል። መታወቂያችን ገና ከድሮው ወረዳ አልተዛወረም፤ ‹እንዲያውም ለምዝገባው ይጠቅመናል› አለኝ። በዚህ መሃል አንድ ሰው ‹5 ሺህ ብር ስጡኝና እዚሁ ቦታ ላስይዝላችሁ› አለን። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ግራ የገባኝ እናት፣ ከአራብሳ»

የኔ እህት፣ መልሱን ላስቀድም፤ ምክንያቱ ይከተላል። ልጅሽን ደጃፍሽ ያለው ትምህርት ቤት አስመዝግቢው። ለዚያ ሰውዬ አምስት ሳንቲም አትስጪው። «አስመዝግቢው» ማለት ለእኔ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ፤ በር ላይ «ሞልቷል» የምትባይው አንቺ ነሽ። ስለዚህ እንዴት እንደምታስመዘግቢው ነው አብዛኛውን የምጽፍልሽ።

አሁን ግንቦት ላይ ነን። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ብዙ ወላጅ ስለ ምዝገባ የሚያስበው ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ መሃል፣ ሰልፉ ከበር አልፎ አስፋልት ሲደርስ ነው። ያኔ ልጆቹ እረፍት ላይ ናቸው፣ ክፍሎቹ ተዘግተዋል፣ አስተማሪ የለም። የምታዪው ነገር ቢኖር ወረፋና የጥበቃ ፊት ነው። ግንቦት ላይ ግን ትምህርት ቤቱ በሥራ ላይ ነው። ገብተሽ ማየት ትችያለሽ።

በመጀመሪያ «ሞልቷል» የሚለውን ቃል እንፍታው። እንደ እናንተ ዓይነት ሰፈር ላይ መጨናነቁ እውነት ነው፣ ጎረቤቶችሽ አልዋሹም። ኮንዶሚኒየም ማለት በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ቤተሰብ፣ አብዛኛው ወጣት፣ አብዛኛው ትንንሽ ልጅ ያለው የሚገባበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ እንደ እናንተ ከመሃል ከተማ የተነሡት ተጨመሩ። ከዚያ ደግሞ እንደ እናንተው የግሉ ክፍያ የከበደው ወላጅ ወደ መንግሥት እየዞረ ነው። ምገባው፣ ዩኒፎርሙና ደብተሩም ይስባል። ሕንፃው ግን ከታሰበለት ሰው በላይ በአንድ ሌሊት አይሰፋም። አራብሳ ያለበት ለሚ ኩራ ራሱ እንደ ክፍለ ከተማ ከተቋቋመ ብዙ ዓመት አልሆነውም።

ሆኖም «ሞልቷል» ሲባል ሁሌ አንድ ነገር ማለት አይደለም። ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በግቢያቸው ውስጥ ቅድመ አንደኛ አላቸው። ወደ አንደኛ ክፍል መጀመሪያ የሚያልፉት እነዚያ ልጆች ናቸው። ለውጭ ሰው የሚተርፈው ከእነሱ የቀረው ቦታ ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩን ወይም ምክትሉን ስታገኚ «ቦታ አለ?» ብለሽ አትጠይቂ። ለዚያ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ነው፤ ከመቀመጫው ቀና ሳይል «ገና ነው፣ ነሐሴ ነይ» ይልሻል። ይልቅ «በሚመጣው ዓመት አንደኛ ክፍል ስንት ሴክሽን ትከፍታላችሁ? ከራሳችሁ ኬጂ ስንት ልጅ ያልፋል?» በይው። ለምሳሌ 5 ሴክሽን ከሆነና ከኬጂ የሚያልፉት 150 ከሆኑ፣ በየክፍሉ 50 ቢያስገቡ ለውጭ ሰው 100 ቦታ አለ ማለት ነው። 230 የሚያልፉ ከሆነ ደግሞ የተረፈው 20 ነው፤ ያን ጊዜ አማራጭሽን ከአሁኑ ታዘጋጂያለሽ። ሁለቱም «ሞልቷል» ይባላሉ፤ ለአንቺ ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

ሌላም ነገር አለ፣ ለባለቤትሽ ንገሪው። አንደኛ ክፍል ትልቁ በር ነው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቦታ የሚገኘው አንድ ልጅ ሲለቅ ብቻ ነው። «አሁን ፒያሳ ይጀምርና ካልሆነ ከዓመት በኋላ ወደዚህ እናዛውረዋለን» የሚል ሐሳብ ካለው፣ ያኔ የምታንኳኩት ጠባቡን በር ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ጣጣ ልምጣ፣ ወደ መታወቂያው።

ባለቤትሽ የድሮው መታወቂያ ይጠቅመናል ብሏል። እኔ ደግሞ የእናንተ ዋናው ችግር እሱ ነው እላለሁ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ቅድሚያ የሚሰጠው ለሰፈሩ ነዋሪ ነው። አንቺ አራብሳ እየኖርሽ በወረቀት ግን የፒያሳ ሰው ነሽ። ነሐሴ ላይ ሰልፍ ይዘሽ፣ ተራሽ ደርሶ፣ «እህት፣ መታወቂያሽ የእኛ ወረዳ አይደለም» ብትባዪ ማንን ትወቅሻለሽ? ያ ሁሉ ሰው ከኋላሽ ቆሞ!

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ከድሮው ወረዳ መሸኛ ታወጫለሽ። መሸኛው ላይ የልጆቹም ስም መኖሩን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመሽ አንብቢ፤ ቤት ደርሰሽ አይደለም። ከዚያ የቤት ውሉን ይዘሽ አዲሱ ወረዳ ትመዘገቢያለሽ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሊመስልሽ ይችላል። አያልቅም። አንድ ቀን ሲስተም የለም ይሉሻል፣ አንድ ቀን ኃላፊዋ ስብሰባ ናት፣ አንድ ቀን «ኮፒ አድርገሽ ነይ» ይሆናል። ግንቦት ላይ ጀምሪ የምልሽ ለዚህ ነው።

የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ካላወጣችሁለት አብራችሁ አውጡ። የክትባት ካርዱን ፈልጊው፤ ቤት በመቀየር ጊዜ የት እንደገባ የማይታወቅ ወረቀት እሱ ነው። ጉርድ ፎቶ ይኑርሽ። ከኬጂው ደግሞ ካርዱንና መልቀቂያውን በጊዜ ተቀበይ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ፤ የቀረ ክፍያ ካለባችሁ ካርዱን ይይዙባችኋል። የሰኔን ወር «ሐምሌ ላይ እከፍላለሁ» ብለሽ ካቆየሽው፣ ሐምሌ ላይ ቢሮው ተዘግቶ ልታገኚው ትችያለሽ። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት የሚጠይቀውን ሰነድ ዝርዝር ግን ከእኔም ከጎረቤትም አትውሰጂ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ታገኚዋለሽ፤ በስልክሽ ፎቶ አንሽው። የምዝገባው ቀንም በየዓመቱ የሚነገር ነው፤ አንዳንዴ የሚታወቀው በሩ ላይ በተለጠፈ አንዲት ወረቀት ብቻ ነው። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ዳቦ ልትገዢ ስትወጪ በዚያ በኩል ዞር ማለትን ልማድ አድርጊው።

ወደ 70ው ልጅ እንምጣ።

ለአንደኛ ደረጃ በአገር ደረጃ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። እሱም ራሱ ብዙ ነው። 70 ከሆነ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ የትኛዋም ጎበዝ መምህርት ለ70 ልጅ በቀን አንዴ እንኳን «እስኪ አንብብ» ማለት አትችልም። ጊዜው አይበቃም። ስለዚህ ቁጥሩን ማጣራት አለብሽ። ከጎረቤት አፍ አትውሰጂው፤ ሰው ሲናደድ ቁጥር ይጨምራል። ቀላል ዘዴ አለ። እዚያ የሚማር አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ፈልጊና «ዴስክ ላይ ስንት ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ?» ብለሽ ጠይቂው። ልጅ ይህን አይዋሽም። ሁለት ሁለት ካሉ ደህና ነው። ሦስት ሦስት ከሆኑ ተጨናንቀዋል። አራተኛው ጫፍ ላይ በአንድ ጎኑ የሚቀመጥ ከሆነ ጎረቤትሽ ልክ ናት።

ከዚያ ደግሞ ደብተር ተበደሪ። ይህን ምክሬን በቁም ነገር ያዢው። ከብሎካችሁ እዚያ አንደኛ ክፍል የሚማር ልጅ አይጠፋም። እናቱን «እስኪ የአማርኛና የሒሳብ ደብተሩን ላንድ ማታ አውሺኝ» በያት። ስለ አንድ ትምህርት ቤት ከርዕሰ መምህሩ ንግግር የበለጠ የሚነግርሽ ያ ሽፋኑ የተቦጨቀ ደብተር ነው።

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሪ። ጥቅምት ላይ ሀ ሁ ሂ በትልልቁ ተጽፎ ታያለሽ፤ መስመሩን የሳተ፣ አንዳንዱ የተገለበጠ። ይህ ያለ ነው። አሁን ወደ ሚያዝያ ግለጪ። ልጁ የራሱን ቃል ይጽፋል ወይስ አሁንም ከሰሌዳ ይገለብጣል? ገጹ ሙሉ ቆንጆ ጽሑፍ ሆኖ ልጁን «ይህን አንብብልኝ» ስትይው ዝም ካለ፣ የገለበጠው ሥዕል ነው። ቀጥሎ ቀዩን እስክሪብቶ እይ። በየገጹ ግርጌ አንድ ትልቅ ራይት ብቻ ተጭሮ ከሆነ መምህሯ አላነበበችውም፤ አልፋበታለች። ልጁ «ጸ»ን አገላብጦ ጽፎት እሷ ጎኑ ላይ አስተካክላ ጽፋለት ከሆነ፣ ከሥሩ ደግሞ እሱ ሦስት ጊዜ ደግሞት ከሆነ፣ እህቴ፣ ያቺን መምህርት አጥብቀሽ ያዢያት። ክፍሏ ውስጥ 60 ልጅ ቢኖርም እንኳ። በመጨረሻም ቀኖቹን ተከታተይ። በመካከል ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ምንም ያልተጻፈበት ጊዜ ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቂ። ልጁ ታሞ ሊሆን ይችላል። መምህር ሳይኖርም ሊሆን ይችላል።

ይህን ያህል ስለ አንደኛ ክፍል መምህርት የማወራው በከንቱ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2010 በአገራችን በብዙ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች በየቀኑ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ደብተር ሲይዙ፣ ሰልፍ ሲወጡ የከረሙ ናቸው። በታችኞቹ ክፍሎች ልጅ ሳያነብም ወደሚቀጥለው ክፍል ሊያልፍ ይችላል። ወላጁ የሚነቃው አራተኛ ክፍል ላይ፣ የሳይንስ መጽሐፉ ሲከብደው ነው። የትምህርት ቤቱ ስም፣ የበሩ ቀለም፣ እዚያ ተምሮ ትልቅ ቦታ የደረሰ ሰው ሁሉ ከዚህ አያድንም። ከዚህ የሚያድኑት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የአንደኛ ክፍል መምህሩና ማታ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው።

ግቢውን ስታዪ ብዙ አትመራመሪ። እረፍት ሰዓት ላይ ግቢና ቧንቧው ውኃ እንዳለው እይ፣ ሽንት ቤቱን እይ። የትምህርት ቤቱን የኢንስፔክሽን ደረጃ ጠይቂ፤ ከ1 እስከ 4 ነው፣ መጠየቅም ነውር የለውም። ስድስተኛ ክፍል የሚያስፈትኑ ከሆነ የከተማ አቀፍ ፈተናው ውጤታቸው እንዴት እንደነበር ጠይቂ። መጽሐፍ ለስንት ልጅ አንድ እንደሚደርስም እንዲሁ። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱን፣ ወተመህ የሚሉትን፣ ሰብሳቢ ስልክ ከተቻለ ውሰጂ። ከሰፈራችሁ ሰው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሴክሽን ሊጨመር ከታሰበ ቀድሞ የሚሰማውም እሱ ነው።

ምገባውን በተመለከተ፣ ከ2012 ጀምሮ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይሰጣል፣ ዩኒፎርምና ደብተርም በነጻ ነው። አንዳንድ እናቶች ‹የምገባ ልጅ› ላለመባል ሲሉ ምሳ ዕቃ ቋጥረው ይልካሉ። ተዪው። ልጁ የሚፈልገው እንደ ጓደኞቹ ተሰልፎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከእነሱ ጋር መብላት ነው። የውኃ ኮዳ ብቻ ስጪው።

አሁን የባለቤትሽን ነገር ላንሳ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ እዚህ ቦታ ላይ ቆይቻለሁ።

የእሱ ሐሳብ ሞኝነት አይደለም። የመሃል ከተማ የቆዩ ትምህርት ቤቶች ልምድ ያላቸው መምህራን፣ ቤተ መጻሕፍትና ሰፋ ያለ ሜዳ ሊኖራቸው ይችላል። ዙሪያው ያለው ነዋሪ ስለተነሣም ዛሬ ቦታ ሊገኝ ይችል ይሆናል። ግን እኔ እንደሚመስለኝ ባለቤትሽ የሚሟገተው ስለ ትምህርት ጥራት ብቻ አይደለም። ሰፈሩ ፈርሷል። ያደገበት ቤት የለም። የቀረለት ትምህርት ቤቱ ነው። ልጁ በዚያ በር ሲገባ ማየት ይፈልጋል። ይህ ይገባኛል፣ አንቺም ስትነግሪው «የአንተ ትምህርት ቤት አይረባም» በሚል መንገድ አትንገሪው።

ነገር ግን ዋጋው የሚከፈለው በልጁ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ከእናቱ ተለይቶ በሳምንት አምስት ቀን ሌላ ቤት ይደር ማለት፣ ያውም እናቱ ቀኑን ሙሉ ቤት እያለች፣ እኔ አልስማማም። አያቱ ደግ እንደሆኑ አልጠራጠርም። ግን ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ ጠዋት ማን ያደርሰዋል? እሳቸው ታክሲ ተጋፍተው? ሲያተኩሰው፣ ጥርሱ ሲነቃነቅ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ሲመታው የሚነግረው ለማን ነው? ማታ ደብተሩን የሚያየውስ? ባለቤትሽ በየቀኑ ከአራብሳ ይዞት ይውጣ ብትሉ ደግሞ፣ በጨለማ ተነሥቶ መገናኛ ድረስ፣ ከዚያ ሌላ ሰልፍ፣ ከዚያ ፒያሳ። ልጁ ክፍል ሲገባ እንቅልፍ ይጥለዋል። አዋቂ ሰው የሚያማርረውን መንገድ አንደኛ ክፍል ተማሪ ላይ አንጫን። ቅዳሜ ቅዳሜ አያቱ ጋ ይሂድ። አባቱም በዚያው ትምህርት ቤቱን ያሳየው።

የማትኖሩበትን አድራሻ ተጠቅሞ ስለ መመዝገብ ብዙ አልልም። ዛሬ ቢያልፍ ነገ መሸኛ ስታወጪ፣ ልጁን ስታዛውሪ፣ ወረቀቶቹ እርስ በርስ ይጣላሉ። ያኔ የሚንከራተተው ልጁ ነው።

ስለ 5 ሺህ ብሩ ሰውዬ ግን ትንሽ ልበል፤ ንግዱን ላሳይሽ። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ለ10 ወላጅ ቃል ይገባል። ከ10ሩ ምናልባት 6ቱ በራሳቸው ወረፋ፣ በራሳቸው ወረቀት ይገባሉ። የ6ቱን ብር ይበላል። ለ4ቱ «አልተሳካም፣ ሰውየው ተቀየረ» ብሎ ይመልሳል፣ ያውም ሐቀኛ ከሆነ። ምንም ሳይሠራ 30 ሺህ ብር ኪሱ ገባ። አንቺ ደግሞ ከ6ቱ አንዷ ብትሆኚ ዕድሜሽን ሙሉ «እሱ ባይኖር ልጄ አይማርም ነበር» እያልሽ ታመሰግኚዋለሽ። እውነት የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ከሆነና ቦታ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ጉቦ ነው፤ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚነገር ነው። በገንዘብ የተገኘ ቦታ ላይ ጥያቄ ሲነሣ መጀመሪያ የሚወጣው ያንቺ ልጅ ይሆናል።

ስለ እንግሊዝኛ አልጻፍሽልኝም፤ ግን በልብሽ እንዳለ እገምታለሁ። ከግል ኬጂ ለመጣ ልጅ ወላጅ ሁሉ የሚፈራው ይህንን ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ ስድስተኛ ክፍል ማስተማሪያው አማርኛ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩም አሉ። እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ሰባተኛ ላይ ነው ወደ እንግሊዝኛ የሚዞሩት። ከኬጂ የወጣ ልጅ ኤቢሲዲውን በዜማ ይወርደዋል፤ ሀሁ ላይ ግን ቀ ጋ ሲደርስ የሚቆም ብዙ አለ። የእናንተው እንደዚያ ከሆነ ይህ ክረምት የሀሁ ክረምት ይሁን። የፊደል ገበታ ግዢና ከስፌት መኪናሽ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፊው። አንቺ ስትሰፊ እሱ ጮክ ብሎ ያንብብ። ሩብ ሰዓት ይበቃል፣ በየቀኑ ግን ይሁን። ገበታው ሲሰለቸው የሱቅ ስም፣ የዘይት ጀሪካን ላይ ያለ ጽሑፍ፣ የታክሲ ላይ ጥቅስ ያንብብ። አስጠኚ አትቅጠሪ፤ ለአንደኛ ክፍል አስጠኚ የብር ብክነት ነው። ከግሉ የተረፈውን ገንዘብ ባታባክኚው ይሻላል፤ ከእሱ ላይ ግን ሁለት ሦስት የተረት መጽሐፍ ግዢለት።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ላይሳካ ይችላል። በምዝገባው የመጀመሪያ ቀን፣ ሁለተኛው ላይ ሳይሆን፣ ማለዳ ሄደሽ «ሞልቷል» ቢሉሽ ከጥበቃው ጋር አትጨቃጨቂ፤ እሱ የታዘዘውን ነው የሚናገረው። ተጠባባቂ ዝርዝር ካለ ስምሽን አስመዝግቢና የጻፈውን ሰው ስም ያዢ። ዕጣ የሚያወጡ ከሆነ ቀኑን ጠይቂና ተገኚ። ከዚያ በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት፣ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። እዚያ ስታለቅሺ ሳይሆን «የዚህ ወረዳ ነዋሪ ነኝ፣ መታወቂያዬ ይኸው፣ የትኛው ትምህርት ቤት ነው ቦታ ያለው?» ስትይ ነው የሚሰሙሽ። እነሱ የሁሉንም ትምህርት ቤት ቁጥር ይዘዋል። አንዳንዴ ቁጥሩ ሲበዛ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ አንድ ሴክሽን ይጨመራል፤ ተጠባባቂው ላይ ያለ ሰው ያኔ ይጠራል።

የሚሰጡሽ ሁለተኛው ቅርብ ትምህርት ቤት 20፣ 25 ደቂቃ የሚያስኬድ ከሆነ ተቀበይ። ከብሎካችሁ ወደዚያ የሚሄዱ ሌሎች ልጆች ካሉ እናቶቹ ተራ ግቡና አብራችሁ አድርሱ፤ አስፋልት የሚያሻግር ከሆነ በተለይ። ደብተር የመበደሩን ነገር እዚያም ድገሚው። «ዘንድሮ ቤት ይቀመጥና ለከርሞ» የሚለውን ግን እንደ አማራጭ አትቁጠሪው።

መሸኛውን ለማውጣት ሰኞ ጠዋት ከባለቤትሽ ጋር አብራችሁ ውጡ። ሶማሌ ተራ ከድሮው ወረዳችሁ ሩቅ አይደለም፤ ሥራ ሳይገባ ሁለታችሁም ፈርማችሁ ትጨርሳላችሁ። ሲስተም የለም ካሏችሁ ደግሞ እሱ ቅርብ ነውና በሻይ ሰዓቱ ብቅ እያለ ይጠይቅ።